ከርብ ማዶ የነበረው የወይን አገር

ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል ስናከብር፣ ጌታችን በዶኪማስ ሰርግ ቤት ውሃውን ወደ ወይን የለወጠበትን የመጀመሪያ ተአምር እናስባለን። ታቦተ ቅዱስ ሚካኤልም በዕለቱ ከጥምቀተ ባሕር በዝማሬ ታጅቦ ይመለሳል። ወይን ግን ከመቅደስ የማይለየው በዚህ በዓል ብቻ አይደለም፤ ከወላይታ ሶዶ እስከ ጎንደር ባሉት አድባራት ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር በጽዋው ይገኛል። ወላይታ የእንሰት አገር እንደመሆኗ፣ የወይን ፍሬ ለሶዶ ካህናት የሚደርሰው ደርቆ፣ ዘቢብ ሆኖ ነው። ዘቢብ ሩቅ መንገድ ይችላል። ዲያቆኑ በቤተ ልሔም በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ፣ አሽቶና ጨምቆ ያጠልለዋል።

ይህ ሥርዓት የቆየ ነው። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ለቁርባን የሚሆነው ወይን ከተዘፈዘፈ ዘቢብ እንደሚጨመቅ ጽፏል። የወይን ጠጅ በግልጽ የሚጣለው በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደነበረም ይናገራል።

ታዲያ ወይኑ በራሳችን ምድር የበቀለበት ስፍራ አልነበረምን? ነበረ። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደውን የርብን ወንዝ ስንሻገር ይፋግን እናገኛለን። የይፋግና የካሮዳ አካባቢ በገበያውና በወይን ተክሉ የታወቀ ነበር። በዚያ ስናልፍ ዓይናችን ሐረገ ወይን ቢፈልግም፣ ያየነው የፎገራን ሜዳ የሞላውን ሩዝ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ከጎንደር 30 ማይል ያህል በምትርቅ ድሪዳ ብሎ በጠራት ስፍራ ግሩም የወይን ጠጅ እንደሚጠመቅ፣ ለአገሩ ሁሉ ቁርባን ተርፎ እንደሚበቃም መስክሯል። ሕዝቡ ግን ወይን እምብዛም እንደማይወድ ያክልበታል። ጠጅና ጠላ ባለበት አገር ይህ ሊያስደንቀው ባልተገባ ነበር! በትግራይ ደኖች ትንንሽ ጥቁር ወይን እንዲሁ በዱር ይበቅል እንደነበረም ጽፏል።

የይፋግን ወይን በ19ኛው መቶ ዓመት በሽታ አጠፋው። ሐረጉ ሲደርቅ የእርሻው ልማድም አብሮ ደረቀ። ዛሬ ለንግሥ በዓል ጧፍና ዕጣን ከዘቢብ ጋር ይዞ የሚሄድ ምእመን፣ ዘቢቡን ከገበያ ሲገዛ የየትኛው አገር ፍሬ እንደሆነ አይጠይቅም። ለኅብስቱ የሚሆነው ስንዴ ከገበሬያችን ማሳ ይመጣል፤ ለጽዋው የሚሆነው ግን የባለሱቁን ዕቃ መምጣት ይጠብቃል።

ምድሪቱ ወይን ነሥታን አይደለም። በዝዋይ የተተከለው የካስቴል ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ጠጁን ለገበያ አቅርቧል። ለአንድ ደብር የዓመት ዘቢብ የሚሆን ሐረግ ደግሞ ያን ያህል ሰፊ እርሻ አይጠይቅም፤ በቅጥሩ ውስጥ የሚበቃ ፀሐይና የሚንከባከበው አንድ ትጉህ ዲያቆን ካገኘ ይበቃዋል።