ሰነድ ከጭነት እንዳይዘገይ፤ ትልልቅ የታመቁ ፋይሎችን በኢንተርኔት ስለ መላክ

ዕቃ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ይጓዛል፤ የዕቃው ባለቤትነት፣ ጥራትና ዋጋ ግን የሚታወቀው በሰነድ ነው። ጭነቱ ወደብ ደርሶ ሰነዱ ቢዘገይ፣ ገዢው ዕቃውን ለማውጣት ይቸገራል፤ የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይም በየቀኑ ይቆጠርበታል። ቀድሞ የንግድ ወረቀት ሁሉ በፖስታ ከረጢት ይላክ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቅጂ በኢንተርኔት ስለሚተላለፍ መንገዱ አጥሯል። ይሁን እንጂ የሚላከው ሰነድ ብዛት እየጨመረ በመሄዱ፣ ፋይል አሽጎ መላክ እንደ ዕቃ ማሸግ ሁሉ ጥንቃቄና ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል።

የቡና ላኪዎች ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁጥር 2023/1115 የሆነው ደንብ፣ ቡናን ጨምሮ 7 ዓይነት ምርቶች ከተመነጠረ ደን ያልተገኙ መሆናቸው እንዲረጋገጥ ያዛል። የመፈጸሚያው ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የተላለፈ ቢሆንም፣ የሚፈለገው ማስረጃ ምን እንደ ሆነ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ቡናው የበቀለበት ማሳ ሁሉ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ይመዘገባል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ሲሆን ደግሞ ወሰኑ ዙሪያውን በነጥቦች ይመለከታል። የኢትዮጵያ ቡና አብዛኛው ከአነስተኛ ገበሬዎች የሚሰበሰብ ስለ ሆነ፣ አንድን ኮንቴይነር የብዙ መቶ ማሳዎች ዝርዝር ሊከተለው ይችላል። በዚህ ላይ ውሉ፣ ኢንቮይሱ፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬቱ፣ የስሪት አገር የምስክር ወረቀቱና የጭነቱ ፎቶግራፎች ሲጨመሩ፣ ወደ ሐምቡርግ የሚሄደው ጥቅል በተራ ኢሜይል ሊሸከሙት የማይቻል ይሆናል።

ማመቅ ምን ማለት ነው?

አንድ ፋይል ታመቀ ሲባል ከውስጡ አንዲት ፊደል ጠፋች ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩ በጽሑፉ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣውን ቃል ፈልጎ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይጽፈዋል፤ በሚቀጥለው ቦታ ግን ቀድሞ የተጻፈውን የሚያመለክት አጭር ምልክት ብቻ ያስቀምጣል። «የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና፣ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ» የሚለው መስመር 500 ጊዜ በተጻፈበት ዝርዝር ላይ በዚህ ዘዴ ምን ያህል ቦታ እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። ዘዴውን በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አብርሃም ሌምፔልና ያዕቆብ ዚቭ የተባሉ የእስራኤል ሊቃውንት ናቸው። ከእነርሱ አስቀድሞ በ1952 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሀፍማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ብዙ ጊዜ ለሚመጣ ምልክት አጭር ቁጥር፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ደግሞ ረጅም ቁጥር የሚሰጥበትን ስልት አግኝቶ ነበር። ፊል ካትዝ በ1989 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያወጣው ዚፕ የተባለው የጥቅል ዓይነት፣ ቆየት ብሎ እነዚህን ሁለት ዘዴዎች አጣምሮ የሚሠራ ሆነ። ራር በ1993፣ ሰቨን ዚፕ ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ተከትለዋል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጥጥ በመጭመቂያ ሲታሰር መጠኑ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ብረት ግን ቢጫኑት ያው ብረት ነው። ፋይልም እንደዚሁ ነው። የማሳዎች ዝርዝር፣ የዋጋ ሠንጠረዥና ተራ ጽሑፍ እንደ ጥጥ ይታመቃሉ። በጄፔግ የተቀመጠ ፎቶግራፍና የቪዲዮ ፋይል ግን ሲሠሩ አስቀድመው የታመቁ ስለ ሆኑ፣ ዚፕ ቢደረጉ የሚቀንሱት እጅግ ጥቂት ነው። የአሁኑ የዎርድና የኤክሴል ፋይልም በውስጡ ራሱ ዚፕ ነው። እንዲህ ያሉትን መጠቅለል ጥቅሙ መጠን ለመቀነስ ሳይሆን፣ ብዙውን በአንድ አድርጎ እንዳይበታተን ለመያዝ ነው።

ከመጠቅለል በፊት መመጠን

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንደሚባለው፣ የፋይሉ ክብደት የሚወሰነው በአብዛኛው ሰነዱ በስካነር በሚነሣበት ሰዓት ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ በቀለም ሲነሣ፣ ከመታመቁ በፊት 26 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ያው ገጽ በ150 ነጥብ ቢነሣ ወደ 6.5 ሜጋባይት ይወርዳል። በ300 ነጥብ ግን በጥቁርና በነጭ ብቻ ቢነሣ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ሰነድ በቀለም፣ ተራው የዕቃ ዝርዝር ግን በጥቁርና ነጭ ቢነሣ፣ ምንም ማስረጃ ሳይጎድል ሸክሙ ይቀላል። ጽሕፈት ቤቱ በኮምፒዩተር ያዘጋጀውን ኢንቮይስ አትሞ እንደገና በስካነር ከማንሣት ይልቅ፣ ገዢው ፊርማና ማኅተም በቀለም ካልጠየቀ በቀር፣ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ የበለጠ ይጠቅማል።

የደብዳቤ መንገድና የጭነት መንገድ

ኢሜይል የተሠራው ለደብዳቤ ነው። አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲሄድ ወደ ፊደላት ስለሚለወጥ፣ 3 ባይት የነበረው 4 ይሆናል፤ በሌላ አነጋገር ሸክሙ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። 20 ሜጋባይት የሆነ ጥቅል በመንገድ ላይ 27 ሜጋባይት ያህል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የጂሜይል የአባሪ ወሰን 25 ሜጋባይት ሲሆን፣ የተቀባዩ ድርጅት ሰርቨር ደግሞ ከዚያ ያነሰ ወሰን ሊኖረው ይችላል። ላኪው «ልኬአለሁ» ብሎ ሲያርፍ፣ ደብዳቤው ከተቀባዩ ደጅ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የመመለሻው ማስታወቂያ ሳይነበብ አንድ ቀን ካለፈ፣ የጠፋው የመርከብ ቀን ነው።

ከዚህ ወሰን በላይ የሆነ ጥቅል ወደ ክላውድ ማከማቻ ተጭኖ ሊንኩ ብቻ በኢሜይል ይላካል። ጉግል ያለ ክፍያ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ይህም ኢሜይሉንና ፎቶግራፎቹን ጨምሮ የሚቆጠር በመሆኑ ቶሎ ሊሞላ ይችላል። ሊንኩ ለማንኛውም ሰው ክፍት እንዲሆን ከማድረግ ይልቅ በተቀባዩ አድራሻ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይገባል።

በብዙ ሱቆች የተለመደው የቴሌግራምና የዋትስአፕ መንገድ ነው። ቴሌግራም ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ አንድ ፋይል ይቀበላል፤ ዋትስአፕም እንዲሁ። ሆኖም ሰነድ እንደ ፎቶግራፍ ሲላክ መተግበሪያው መጠኑን ስለሚቀንሰው፣ የማኅተሙ ጽሑፍና የዕቃው ቁጥር ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ፎቶግራፍ አለመላክ ነው። የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ አንድን ቁጥር አሳስቶ ቢያነብ፣ የሚመጣለት ኮንቴይነር ሙሉ የማይሸጥ ዕቃ ነውና።

ጊዜውንም ማስላት ያስፈልጋል። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን፣ 1 ባይት 8 ቢት ነው። 1.2 ጊጋባይት የሆነ ጥቅል በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ፣ ምንም ሳይቋረጥ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በብዙ መስመሮች ደግሞ የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው ያነሰ ነው። ባንኩ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መላክ የሚጀምር ሰው ድካሙ በከንቱ እንደሚቀር አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

መስመር የሚቆራረጥ ከሆነ ጥቅሉን በክፍል በክፍል መቁረጥ ይቻላል፤ የተቋረጠውም ክፍል ብቻ እንደገና ይላካል። ነገር ግን ከክፍሎቹ አንዱ እንኳ ቢጎድል ጥቅሉ በሙሉ አይከፈትምና፣ ስንት ክፍል እንደ ሆነ በደብዳቤው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከዚህም በቀር ተቀባዩ በፍላሽ የሚወስደው ከሆነ፣ ፋት 32 በተባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም።

የፋይሉ ስም

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም በላኪው ኮምፒዩተር ላይ አምሮ ቢታይም፣ በተቀባዩ ዘንድ የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የቀድሞው ዚፕ የፋይል ስሞችን የሚጽፈው ለላቲን ፊደል በተሠራ ሠንጠረዥ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዚፕም ዩኒኮድን በይፋ የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ያረጀ ፕሮግራም ያለው ተቀባይ ስለሚኖር፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ፋይል ስሙ በላቲን ፊደልና በቁጥር ቢጻፍ፣ የውሉ ቁጥርና ቀኑም ቢጨመርበት ይመረጣል። «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው አዲሱ» የሚሉ ስሞች ክርክር እንጂ ማስረጃ አይሆኑም። የጥቅሉም ዓይነት ዚፕ ቢሆን ይበጃል፤ በአብዛኛው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይከፈታልና።

ቁልፍና ማኅተም

ዋጋና የደንበኛ ስም ያለበት ጥቅል በይለፍ ቃል ሊቆለፍ ይገባል። የቀድሞው የዚፕ መቆለፊያ ደካማ መሆኑ በ1994 እ.ኤ.አ. በሊቃውንት ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ኤ.ኢ.ኤስ. 256 የተባለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን በዚፕ ውስጥ ያሉት የፋይሎች ስም ለማንም ይታያል። ስማቸውም እንዲሰወር የሚፈልግ በሰቨን ዚፕ ወይም በራር ይጠቀም። የይለፍ ቃሉን ከጥቅሉ ጋር በአንድ ኢሜይል መላክ ቁልፍን በሳጥኑ ላይ አንጠልጥሎ እንደ መላክ ነው፤ ቃሉ በስልክ ይነገር።

ተቀባዩም ከአታላዮች ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ጥቅል፣ ውስጡ ደረሰኝ ይመስል እንጂ ኮምፒዩተሩን የሚያበላሽ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ጂሜይልን የመሰሉ አገልግሎቶች በዚፕ ውስጥ የተደበቀ ፕሮግራምን የማይቀበሉት ስለዚህ ነው። ከነባር ደንበኛ በመጣ ጥቅል ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢገኝ፣ በዚያው ኢሜይል መልሶ መጠየቅ አይበቃም፤ ኢሜይሉ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ከሰውየው አንደበት ሳይሰሙ ገንዘብ መላክ አይገባም።

ርክክብ

ማንም ነጋዴ ጆንያውን ሳይቆጥር ዕቃ ተረከብሁ ብሎ አይፈርምም። በፋይልም ርክክቡ እንደዚሁ መሆን አለበት። ላኪው በጥቅሉ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ብዛት፣ ስማቸውንና መጠናቸውን በደብዳቤው ላይ ይዘርዝር። ሻ 256 የሚባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያወጣል፤ ሰቨን ዚፕም ይህን ያሰላል። ላኪና ተቀባይ ያወጡት መለያ አንድ ከሆነ ፋይሉ ሳይለወጥ ደርሷል፤ በመንገድ ላይ ቅንጣት ታህል ነገር ቢለወጥ ግን መለያው ፈጽሞ የተለየ ይሆናል። ተቀባዩ ጥቅሉን ከፍቶ፣ ቆጥሮ፣ «ሁሉም ተከፍቷል» የሚል መልስ እስኪልክ ድረስ የላኪው ሥራ አልተፈጸመም።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ስለዚህ ይህ የርክክብ መልስ እንደ ማንኛውም ደረሰኝ በጥንቃቄ ሊቀመጥ ይገባዋል። የፋይል ቅጂ ግን ባንኩና ገዢው ካልተስማሙ በቀር ዋናውን ቢል ኦፍ ሎዲንግ አይተካም፤ ወረቀቱ ራሱ በታመነ መልእክተኛ መሄዱ አይቀርም።

በመጨረሻም መላኪያ መንገድ መጋዘን አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ብዙዎቹ የፋይል ማስተላለፊያ ሊንኮች ከጥቂት ቀናት በኋላ ይዘጋሉ። ከላይ የተጠቀሰው የአውሮፓ ደንብ ግን ነጋዴዎች የመግለጫቸውን መዝገብ 5 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ገዢው በ3ኛው ዓመት ማስረጃ ቢጠይቅ ላኪው «በቴሌግራም ልኬልህ ነበር» ቢለው የሚሰማው የለም። እያንዳንዱ ጥቅል ከተላከ በኋላ አንድ ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ከዚያ ቤት ውጭ በሆነ ቦታ ቢቀመጥ፣ ፍላሽ ቢጠፋ ወይም ኮምፒዩተር ቢበላሽ የንግዱ መዝገብ አይጠፋም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በወደብ ላይ በሰነድ ምክንያት ቆሞ የሚውል አንድ ኮንቴይነር የሚያስከፍለው ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል።