ቀለሙ የዓሣው ነው ወይስ የአምፖሉ?

በደቡብ ምሥራቅ እስያ የጌጥ ዓሣ ገበያ ከፍተኛ ዋጋ ከሚጠራባቸው ዓሦች አንዱ አሮዋና ነው። ትልልቅ ቅርፊቶቹና ሁለት ጢሞቹ የተረቱን ዘንዶ ስለሚያስታውሱ ቻይናውያን ነጋዴዎች “የዘንዶ ዓሣ” ይሉታል። ሀብት ይስባል ብለው የሚያምኑም በሱቃቸውና በቢሯቸው ያኖሩታል። ቀለሙ ያማረ አንድ አሮዋና በሺህ የሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ያወጣል። ከዚያው እርባታ የወጣ፣ ግን የደበዘዘ ዓሣ ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ልዩነቱ በአብዛኛው ቀለም ነው። ስለዚህ ቀለምን የሚያጎላ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ከሁሉም ርካሹ ደግሞ መብራት ነው።

ንግዱ ቀላል አይደለም። የእስያ አሮዋና ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ በመመደቡ፣ ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ይቆጣጠረዋል። ለንግድ ወደ ውጭ የሚላከው በተመዘገቡ እርባታዎች የተፈለፈለው ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዓሣ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ ይቀበርለታል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። አሜሪካ ከናካቴው እንዳይገባ ከልክላለች። ያም ሆኖ አሮዋናን ከሚያቀርቡት ድርጅቶች አንዱ የሆነው የሲንጋፖሩ ቺያን ሁ በ2000 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑን ለገበያ እስከማቅረብ ደርሷል።

ችግሩ ወረቀቱና ቺፑ የዓሣውን ማንነት እንጂ የቀለሙን ጥራት የማይመሰክሩ መሆናቸው ነው። በተለይ ከኢንዶኔዥያ ካፑዋስ ወንዝ የተገኘውና “ሱፐር ሬድ” የሚባለው ዝርያ በጫጩትነቱ ቀይ አይደለም። ሙሉ ቀለሙን ለማውጣት ዓመታት ይፈጅበታል። በሌላ አነጋገር ጫጩት የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ላልደረሰ ቀለም ነው።

ቀለም ከየት ይመጣል?

የዓሣ ቀለም ምንጩ ብዙ ነው። ጥቁሩን ዓሣው ራሱ ይሠራዋል። የቀዩና የቢጫው ዋና ክፍል የሆነው ካሮቲኖይድ ግን ከምግብ እንጂ ከዓሣው ሰውነት አይመነጭም፤ ለዚህም ነው አርቢዎች ሽሪምፕ የሚመግቡት። ብርማውና ሰማያዊው ደግሞ በአብዛኛው ቀለም ሳይሆን ብርሃን የሚያንጸባርቁ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሥራ ነው። ኒዮን ቴትራ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ጎኗ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር በጨለማ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

መብራት እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራል። አንደኛው ማሳየት ነው። ቀይ ቅርፊት ቀይ ሆኖ የሚታየው በመብራቱ ውስጥ ቀይ ብርሃን ሲኖር ብቻ ነው። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ አምፖል ቀዩንም ሰማያዊውንም አጉልቶ ያወጣል። ዓሣው ግን አልተለወጠም። አምፖሉ ሲጠፋ የተከፈለበት ቀለም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ሥራ ዓሣውን በእርግጥ መለወጥ ነው። ዓሣ በቆዳው ያለውን ጥቁር ቀለም እንደ አካባቢው በመበተንና በመሰብሰብ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል ወይም ይገረጣል። ሁኔታው ለሳምንታት ከቀጠለ የቀለም ሕዋሳቱ ቁጥር ጭምር ይለወጣል። በነጭ ገንዳ ያለ ዓሣ የሚነጣው፣ በጥቁር ገንዳ ያለው የሚደምቀው በዚህ ምክንያት ነው። የአሮዋና አርቢዎች “ታኒንግ” የሚሉት ዘዴም ጠንካራ አምፖል ወደ ዓሣው አስጠግቶ፣ አንዳንዴም ውሃው ውስጥ አስገብቶ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ማብራት ነው። ቀለሙ ይደምቃል ይላሉ። አምፖሉ ሲነሳ ግን ተመልሶ ሊቀንስ ይችላል፤ ዝርያው የሌለውን ቀይ ደግሞ መብራት አይፈጥርለትም።

ወጪም አለው። ዓሣ የሚከድነው የዓይን ቆብ ስለሌለው መሸሸጊያ የሌለው ኃይለኛ ብርሃን ያስጨንቀዋል። የመብራት ሰዓት ሲረዝም መስታወቱ አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል፤ የኤሌክትሪክ ሂሳቡም ይጨምራል።

የገበያው ሕመም

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ ሻጩ የሚያውቀውን የዕቃ ጉድለት ገዢው ማወቅ በማይችልበት ገበያ መልካሙ ዕቃ ከመጥፎው ጋር በአንድ ዋጋ እንደሚገመትና የመልካሙ ባለቤት ቀስ በቀስ ከገበያው እንደሚወጣ አሳይቷል። ምሳሌው ያገለገሉ መኪኖች ነበሩ። በሐምራዊ አምፖል ሥር የሚሸጥ ዓሣም ከዚህ አይለይም። ሁሉም ዓሣ ቀይ ሲመስል፣ በእውነተኛ ዝርያና በጥሩ ምግብ ዓመታት የደከመው አርቢ ዋጋ ያጣል። ተጎጂው ገዢው ብቻ አይደለም።

መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። ጨርቅ ገዢ ጥለቱን ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ እንደሚያየው ሁሉ፣ ዓሣ ገዢም ልዩ አምፖሉ ጠፍቶ በተራ ነጭ መብራት እንዲያሳዩት መጠየቅ ይችላል። የገንዳውን ወለል ቀለም ማየት፣ ዓሣው ምን እንደሚበላና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራለት መጠየቅ፣ ከተቻለም የወላጆቹን መልክ ማየት ያስፈልጋል። ጫጩት ለሚገዛ ሰው ደግሞ ከአምፖሉ ይልቅ የእርባታው ስም ይበልጥበታል።

በዕቃው የሚተማመን ሻጭ አምፖሉን ለማጥፋት አያመነታም። የሚያመነታ ካለ ደግሞ ዋጋው ውስጥ የመብራቱም ድርሻ እንዳለበት መጠርጠር ይገባል።