የእህልን ጭማቂ ስለሚመጥጥ ስለ ዴልፋሲዴ ወገን

አንበጣ ሲመጣ ገበሬ ከሩቅ ያየዋል፤ ጠላቱንም ያውቀዋል። ነገር ግን በአገዳ ሥር ተሸሽጎ እህልን የሚያደርቅ ሌላ ትንሽ ጠላት አለ፤ ይኸውም ዴልፋሲዴ የሚባለው የዘላይ ተባይ ወገን ነው። አብዛኞቹ ቁመታቸው ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

የተፈጥሮ ሊቃውንት ነፍሳትን በነገድና በወገን ይከፍሏቸዋል። ይህ ወገን ሄሚፕቴራ ከሚባለው ነገድ ነው። የነገዱ አፍ እንደ መርፌ የሾለ ስለ ሆነ ይመጥጣል እንጂ አያኝክም። አንበጣ ግን የሚያኝክ ነውና፥ ቢዘልም ከዚህ ነገድ አይቈጠርም። በወገኑ ውስጥ ከ2000 የሚበልጡ ዓይነቶች ታውቀዋል፤ ብዙዎቹም በሣርና ከሣር ዘር በሆነ እህል ላይ ይኖራሉ።

ወገኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፥ በኋላ እግሩ ቅልጥም ጫፍ እንደ አውራ ዶሮ እሾህ ያለ፥ ነገር ግን የሚንቀሳቀስ መውጊያ አለው። ከሌሎች ዘላዮች ዋነኛ መለያው ይህ ነው።

ሁለተኛ፥ የመዳሰሻ ቀንዶቹ የበቀሉት ከዓይኖቹ በታች ነው።

ሦስተኛ፥ በብዙዎቹ ዓይነቶች ዘንድ ክንፈ ረጅሞችና ክንፈ አጭሮች ይገኛሉ። ምግብ በሞላ ጊዜ ክንፈ አጭሮቹ በዝተው በዚያው ይራባሉ፤ ቦታው ሲጠብና አገዳው ሲጠወልግ ክንፈ ረጅሞቹ በዝተው ወደ ሌላ እርሻ ይበርራሉ።

እንስቲቱ አገዳውን ወይም ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። ግልገሉ አምስት ጊዜ ቆዳውን ገፍፎ ሙሉ ይሆናል፤ እንደ ቢራቢሮ በአባ ጨጓሬ መልክ አያልፍም።

ጉዳቱም ሁለት ዓይነት ነው። ጭማቂውን መጥጦ ተክሉን ያደርቃል፤ ደግሞም በሽታን ከተክል ወደ ተክል ያሻግራል። በሞቃት አገሮች በቆሎንና ማሽላን የሚያጠቃው ፔሬግሪኑስ ማይዲስ የተባለው ዓይነት፥ የበቆሎን ቅጠል የሚያዥጐረጕር በሽታ ይዞ ይዞራል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1732 ዓመት በጃፓን ምዕራብ እንዲህ ያሉ ዘላዮች ሩዙን አጥፍተው ታላቅ ረኀብ ሆነ።

መርዝ ያለ ልክ መርጨት ግን መድኃኒት አይሆንም፤ ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶችና ሌሎች ነፍሳት አስቀድሞ ይገድላልና። በዚህ ምክንያት የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ1986 ዓመት 57 ዓይነት መርዞች በሩዝ እርሻ እንዳይረጩ ከለከለ።

ስለዚህ መምህራን ልጆችን ወደ እርሻ አውጥተው፥ ነጭ ጨርቅ ከአገዳው ሥር ዘርግተው አገዳውን መታ መታ ቢያደርጉ፥ የወደቀውን ተባይና ጠባቂውን ሸረሪት ለይተው ያሳዩአቸዋል። ጠላቱን ከወዳጁ ያልለየ ገበሬ በገዛ እጁ ዘበኛውን ይገድላል።