ከሀ ወደ ለ ስምንት እርምጃ

ፊደልን በፊደል እየተኩ መመስጠር ለፕሮግራም ጀማሪዎች ከሚሰጡ መልመጃዎች ሁሉ ያለ አግባብ የተናቀ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዩልዮስ ቄሳር ሦስት ሦስት ፊደል እየዘለለ ይጽፍ እንደነበር ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶንዮስ መዝግቦታል። በፓይተን ጥቂት መስመር ይበቃዋል።

ቁም ነገሩ ያለው አማርኛው ላይ ነው። ብዙዎች ለላቲን ፊደል የተጻፈውን ኮድ ይገለብጡና በየሆሄው ቁጥር ላይ 1 ይደምራሉ። አንድ ተማሪ እንዲህ መስጥሮ ያሳየኝ «ሰላም» «ሱሌሞ» ሆኖ ወጣ። ምኑ ተደበቀ? የሰ፣ የለ እና የመ ዘሮች በየቦታቸው ናቸው፤ አማርኛ የሚያነብ ሰው ቃሉን ለመገመት ጊዜ አይፈጅበትም።

ይህ የሆነው ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት የገበታውን ቅርጽ ስለጠበቀ ነው። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624 ቁጥር ተሰጣቸው። ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ አለ፦ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱ፣ ስምንተኛው ለእነ ሏ። የማንኛውንም ተራ ሆሄ ቁጥር ለ8 አካፍሉ፤ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 3 ከሆነ ራብዕ፣ 5 ከሆነ ሳድስ ነው። እኔ ከዚህ የሚያምር ነገር በኮምፒውተር ውስጥ ብዙ አላየሁም። እንግዲህ 8 ስትደምሩ ዘሩ ይለወጣል፣ ድምፀቱ ባለበት ይቆያል፤ «ሰላም» «ሸሓሥ» ይሆናል። «ሠላም» ብሎ የጻፈ ግን «ረሓሥ» ያገኛል።

በጭፍን 8 መደመርም አያዋጣም። ከቀ ረድፍ ቀጥሎ እነ ቈ ይመጣሉ፤ እነሱ ካዕብ ስለሌላቸው «ቁ» ላይ 8 ሲደመር ባዶ ሳጥን ይወጣል። ስለዚህ የየረድፉን ግዕዝ ከሀ እስከ ፐ በዝርዝር አስቀምጡ፣ በዝርዝሩ አንድ እርምጃ ሂዱ፣ ፐ ላይ ስትደርሱ ወደ ሀ ተመለሱ፣ ከዚያ ቀሪውን ደምሩ። እነ ቋን ለጊዜው ሳትነኩ እለፏቸው።

«ሪፕሌስ»ን እየደራረባችሁ የምትጽፉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። ሀን በለ ተክታችሁ ቀጥሎ ለን በሐ ስትተኩ፣ አሁን የገባው ለ አብሮ ይቀየራል፤ ጽሑፉም ተመልሶ አይፈታም። ቁልፉን በ«ሜክትራንስ» አዘጋጅታችሁ በ«ትራንስሌት» ሁሉንም ባንድ ጊዜ ተኩ።

የይለፍ ቃል በዚህ መንገድ ማስቀመጥ ግዴለሽነት ነው። የዐረቡ ሊቅ አል-ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የትኛው ፊደል እንደሚደጋገም በመቁጠር እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ጽፏል። የእኛው «ሸሓሥ»ማ ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ሳድስ መሆኑን ራሱ ይናገራል።

መልመጃው የሚጠቅመው ለትምህርት ነው። ፕሮግራም የምታስተምሩ ሁሉ ልጆቹን 26 የላቲን ፊደል ከማስቆጠራችሁ በፊት ከሀ አስጀምሯቸው፤ ማካፈልና ቀሪ ለምን እንደሚያገለግሉ በሚያውቁት ገበታ ላይ ያዩታል።