ወንፈል ከሮቦት ጋር

ሽንዲ አካባቢ በቆሎ ሲታረም፣ ዛሬ በጎረቤቱ ማሳ ለዋለ ገበሬ ነገ ጎረቤቱ በተራው ይውልለታል። ወንፈል የተጻፈ ውል የለውም፤ ብድሩን የማይመልስ ግን በቀጣዩ ክረምት አጋዥ ያጣል። ተመራማሪዎች ይህንኑ የመስጠትና የመመለስ ጠባይ በገንዘብ ጨዋታ ይፈትኑታል። አሁን ደግሞ ከተጫዋቾቹ አንዱ ሮቦት ሆኗል።

ስመ ጥሩው ጨዋታ «የእስረኞች አጣብቂኝ» ይባላል። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ መተባበርን ወይም መክዳትን ይመርጣሉ። ሁለቱም ቢተባበሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ አንዱ ብቻ ቢከዳ ግን ከጂው የበለጠ ያፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኤድዋርዶ ሳንዶቫልና የባልደረቦቹ ጥናት ይህን ጨዋታ እየደጋገመ ሰዎችን ከሰውም ከሮቦትም ጋር አጫወተ። ሰዎቹ ከሮቦቱ ይልቅ ከሰው ጋር አብዝተው ተባበሩ። ብድር በመመለስ ግን ሁለቱን እኩል አዩ። ከሁሉ የበለጠ ትርፍ ያስገኘውም «እንዳደረግህልኝ አደርግልሃለሁ» የሚለው ስልት፣ ማለትም የወንፈል ሕግ ነበር።

ይህ ሕግ ደን ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ ጥናት በባሌ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን መርምሯል። በገንዘብ ጨዋታ «ከተባበርክ እተባበራለሁ» ያሉ አባላት በበዙበት ቡድን ደኑ ተሽሎ ተገኘ፤ እነሱ ለጥበቃም ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ።

ታዲያ በትብብር ሮቦቱን ከሰው ምን አሳነሰው? አለመታመን ይመስላል፤ አይደለም። ዩርጊስ ካርፑስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ማሽኑ ይተባበራል ብለው በሰው ልክ ጠብቀዋል። ከሳንዶቫል ጥናት በተለየ ግን ደግነቱን በሰው ልክ አልመለሱለትም። ይሉኝታ ማሽን ፊት ይላላል።

መፍትሔ የሚጠቁም ሌላ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጄከብ ክራንዶል ቡድን የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም በዝምታ ሲጫወት ከሰዎች ጋር እምብዛም አልተስማማም። ቃል መግባትና ቅሬታ ማሰማት ሲፈቀድለት ግን ትብብሩ ሰው ከሰው ጋር ከሚያደርገው አላነሰም።

በዚያው ዓመት፣ አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ በሶፍትዌሯ የተሳተፈባት፣ ሶፊያ የተባለች ሮቦት አገራችንን ጎብኝታ ነበር። የአገራችን ወጣቶች ሮቦት ሲሠሩ ከፊቱ ማማር ይልቅ ቃሉን መጠበቁና የትናንቱን ማስታወሱ እንዲያሳስባቸው እመኛለሁ። ነገ አንድ ማሽን አቅም ያነሳቸውን እናት ወክሎ ወንፈል ቢገባና ጎረቤት «ማሽን ነው» ብሎ ብድሩን ቢያስቀር፣ አረም የሚውጠው የእሳቸውን በቆሎ ነው።