የተጎዳ ጥንታዊ የመርከብ ሞዴል ከመጠገኑ በፊት ማን ይጠየቅ?

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ መጨረሻ ምጽዋን ማዕከሉ አድርጎ ተቋቋመ። የአገሪቱ የንግድ መርከብ ድርጅትም በ1956 ዓ.ም. ተመሠረተ። በሁለቱም ያገለገሉ ሰዎች ከባሕር ርቀው በመሐል አገር ከተሞች ሲኖሩ፣ ከማስታወሻዎቻቸው መካከል የመርከብ ሞዴል ቢገኝ አያስገርምም። ችግሩ የሚመጣው ምሰሶው ሲሰበር ወይም እንጨቱ ሲሰነጠቅ ነው። በአዳማም ሆነ በባቱ «የመርከብ ሞዴል ጠጋኝ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሱቅ ማግኘት ይቸግራል።

ጉዳዩ ግን ከአንድ ቤት ጌጥ ያለፈ ነው። የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ ከአሜሪካ የመጣችው በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ከሄደች በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች። ዋናዋ መርከብ ስለሌለች፣ በዘመኗ የተሠራ ሞዴል ቢኖር መልኳን የሚመሰክር ማስረጃ ይሆናል። በግዴለሽነት የተጠገነ ሞዴል ይህን ምስክርነት ያጣል።

የመጀመሪያው ሥራ የተሰበረውን ማሰባሰብ ነው። ትንሿ ስንጣሪ እንኳ ሳትቀር በወረቀት ተጠቅልላ ትቀመጥ፤ ሞዴሉም በየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሣ። ውኃ፣ አዲስ ቀለምና ቫርኒሽ አይንኩት። እንደ ዱቄት የደቀቀ እንጨት ከታየ ነቀዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ዕቃው ከሌሎች የእንጨት ዕቃዎች ይለይ። የስምጥ ሸለቆ ሙቀትና ድርቀት እንጨትን ስለሚያኮማትር፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይራቅ።

ፈጥኖ የሚደርቀውን ሱፐር ግሉ መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው። አንዴ ከያዘ ለማላቀቅ ያስቸግራል፤ ቀለሙንም ይጎዳል። ባለሙያዎች የሚመርጡት በኋላ ሊነሣ የሚችለውን ማጣበቂያ ነው። ለምሳሌ ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለሰልስ፣ ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢገኝ ሥራው ሊታረም ይችላል።

አንድ ጠጋኝ ሁሉንም ሙያ ላይይዝ ይችላል። ለእንጨቱ፣ ክራርና በገና የሚሠራ ባለሙያ ስስ እንጨትንና የተወጠረ ጅማትን ያውቃል። ለጥቃቅን የብረትና የነሐስ ክፍሎች አንጥረኛ ወይም ሰዓት ጠጋኝ፣ ለሸራውም ጥሩ የእጅ ሰፊ ይበጃል። የጎደለው ክፍል የት እንደነበረ ለማወቅ የቆዩ ፎቶግራፎችና የቀድሞ ባሕረኞች ይጠየቁ። በቢሾፍቱ የሚገኘው የባቦጋያ ማሪታይም አካዳሚም መርከብን የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት ነው።

ከጠጋኙ ጋር ከመስማማት በፊት የቀድሞ ሥራው ይታይ፤ በምን ሙጫ እንደሚያጣብቅና ምን እንደሚቀይር ይጠየቅ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። አዲስ የገባው ክፍል ተለይቶ ይመዝገብ፤ የወጣው አሮጌ ክፍልም ለባለቤቱ ይመለስ።

ዕቃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ሌላ ግዴታ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊረዳ እንደሚችልም ይደነግጋል። ስለዚህ የሞዴሉ ዕድሜና ምንጭ አጠራጣሪ ከሆነ፣ በቅድሚያ የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ማማከር ይገባል።

ይህ ምክር ለባሕር መርከብ ብቻ አይደለም። በዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ዳር ከሸምበቆና ከመሰል ተክሎች የተሠራ የታንኳ ሞዴል ያለው ቤተሰብም ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ደረቅ ተክል ከእንጨት ይልቅ ቶሎ ስለሚፈረካከስ፣ የሠሪውን እጅ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይበጃል። ተገቢው ባለሙያ እስኪገኝም ድረስ የተሰበረውን ዕቃ በደረቅና ጥላማ ቦታ ማቆየት፣ በችኮላ ከማስጠገን ይሻላል።