«ከደረጃ በታች» ሲባል ምን ማለት ነው? ሼር ከማድረጋችን በፊት እንየው

የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ከደረጃ በታች የሆኑ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር» ብሎ ስክሪንሾት ይለጥፋል። ሌላው «የኛ ትምህርት ቤት መቶ በመቶ አሳልፏል» ይላል። ከዚያ ኮሜንቱ በስድብ ይሞላል።

መሀል ላይ ግን ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ የጨነቀው ወላጅ አለ። ቤት ውስጥ «እስቲ በስልክህ እይልኝ» የምትባሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርገን እንየው።

ክርክሩ የማያልቀው «ደረጃ» በሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሚቀላቀሉ ነው።

👉 1. ፈቃድ
ትምህርት ቤቱ ለማስተማር ተፈቅዶለታል ወይ? እስከ ስንተኛ ክፍል? ለአንደኛ ደረጃ የተሰጠ ፈቃድ ለሁለተኛ ደረጃ አያገለግልም። አዲስ አበባ ላይ ይህንን የሚከታተለው የከተማው የትምህርትና ስልጠና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው።

👉 2. ኢንስፔክሽን
ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 የማይሞላ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 የማይሞላ ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። ደረጃውን አሟላ የሚባለው 3 ወይም 4 ላይ ሲደርስ ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ! 69 ያገኘውም 30 ያገኘውም «ከደረጃ በታች» ነው የሚባሉት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ደግሞም ደረጃ 2 ማለት ፈቃድ የለውም ወይም ሊዘጋ ነው ማለት አይደለም።

👉 3. የ12ኛ ክፍል ፈተና
ብዙ ጊዜ የምንከራከረው በዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ደርሰዋል። «ከእጥፍ በላይ አደገ» ቢባል ውሸት አይደለም። ግን የተፈታኞቹን ቁጥር እንይ። በ2014 ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈትኖ 30 ሺህ ገደማ አለፈ። በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ተፈትኖ 49 ሺህ ገደማ አለፈ። ያለፈው ተማሪ ጨምሯል፤ ፐርሰንቱ ይህን ያህል ከፍ ያለው ግን ተፈታኙም ስላነሰ ነው።

ከ2014 በፊት ካለው ውጤት ጋር ማወዳደር ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። ያኔ ፈተናው በየአካባቢው ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን የጀመሩት።

በአንድ ትምህርት ቤትም ያው ነው። 10 አስፈትኖ 10 ያሳለፈና 300 አስፈትኖ 90 ያሳለፈ በፐርሰንት ብቻ አይለኩም። «መቶ በመቶ» የሚል ባነር ስታዩ «ከስንት?» በሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ ፖስቱ ስለ የትኛው ነው የሚያወራው? ስለ ፈቃድ፣ ስለ ኢንስፔክሽን ወይስ ስለ ፈተና? ካልተገለጸ አትመኑት።
✅ የመቼ ነው? የቆየ ዝርዝር እንደ አዲስ ይዞራል። ዓመተ ምህረት የሌለው ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንም።
✅ ማን አወጣው? የትምህርት ሚኒስቴርን ወይም የክልሉን ትምህርት ቢሮ ሎጎ ማንም ሰው ፎቶ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። መረጃው በተቋሙ በራሱ ገጽ ላይ መኖሩን ገብታችሁ እዩ።
✅ ትምህርት ቤቱን በአካል ጠይቁ፦ ፈቃዱ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው? የመጨረሻው ኢንስፔክሽን መቼ ተደረገ፣ ስንት አገኛችሁ፣ ምን አስተካክሉ ተባላችሁ? ዘንድሮ ስንት አስፈተናችሁ፣ ስንት አለፈ? መልስ ካጣችሁ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

አንድ የውሸት ዝርዝር ወላጅን አስደንግጦ ልጁን በዓመቱ መሀል ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ ይችላል። የውሸት ማስታወቂያ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ቦታ ያስከፍለዋል። ሁለቱም ላይ የሚጎዳው ልጁ ነው።

እናንተ ጋ የደረሰ አጠራጣሪ ዝርዝር ካለ ሼር አታድርጉት፤ በውስጥ መስመር ላኩልን፣ አብረን እናጣራዋለን።